ብርሃኑን የት እናስቀምጠው? ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ወይስ ከላይ

አክስቴ እዚሁ ባሕር ዳር ስፌት ትሰፋለች። መሶብ፣ ሰፌድ፣ አገልግል፣ ሙዳይ፤ የታዘዘችውን ሁሉ። ልጇ በቴሌግራም ይሸጥላታል፣ ፎቶ አንሺው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ትልቅ መሶብ ማታ ቤት ውስጥ በስልኬ ፍላሽ አንስቼ አሳየኋት። ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው፣ መነጽሯን አደረገች።

«ይሄ የኔ ነው?»

«አዎ፣ ያንቺው ነው።»

«ታዲያ ስፌቱ የት ሄደ? የፕላስቲክ ባልዲ አስመሰልከውኮ ልጄ።»

እውነቷን ነው። ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች፣ በወስፌ እየወጋች ሳምንታት የለፋችበት ዕቃ ፎቶው ላይ ልሙጥ ብሎ ቁጭ ብሏል። በነጋታው ያንኑ መሶብ መስኮት አጠገብ አስቀምጬ በዚያው ስልክ ደገምኩት። ፍላሹን አጠፋሁ። ብርሃኑ ከግራ ገባ። እያንዳንዱ ዙር እንደ ገመድ ተነስቶ ታየ፣ አለላውም ከነጩ አክርማ ቁልጭ ብሎ ተለየ። አክስቴ አየችና «እንዲህ ነው እንጂ!» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ምን ስልክ ልግዛ?» ሲለኝ «መጀመሪያ ብርሃኑን ከየት እንደምታመጣው ንገረኝ» እለዋለሁ። ስልክ ብር ይፈልጋል። ብርሃኑን ለማዞር ወንበር ማንሳት ይበቃል።

እንግዳውን ማስቀመጥ

አቅጣጫውን ለማስረዳት የምጠቀምበት መላ አለኝ። ቤተሰብ መሶብ ከቦ ተቀምጦ አስቡት። የሚነሳው ዕቃ መሀል ላይ ነው። ካሜራው እናንተ ናችሁ፣ አንድ ጎን ተቀምጣችኋል። ብርሃኑ እንግዳ ነው። አጠገባችሁ፣ ትከሻ ለትከሻ ካስቀመጣችሁት ከፊት የሚመጣ ብርሃን ሆነ። ከመሶቡ ቀኝ ወይም ግራ በኩል ካስቀመጣችሁት ከጎን ነው። ከመሶቡ ወዲያ፣ ፊት ለፊታችሁ ካስቀመጣችሁት ከኋላ ሆነ። ከላይ የሚመጣም አለ፣ እሱ ለባሕር ዳር ሰው የራሱ ጣጣ ስላለው ኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። አቅጣጫው የሚለካው ከካሜራው ነው፣ ከመሬቱ አይደለም። በየዓይነቱን ቁልቁል ከላይ ስታነሱ ኮርኒሱ ላይ ያለው አምፖል ትከሻችሁ አጠገብ ነው። ማለትም ከፊት እያበራ ነው። ምግቡ ጠፍጣፋ የሚሆነው ለዚህ ነው። ያንን አምፖል አጥፍታችሁ ትሪውን መስኮት ዳር ብታደርጉት ብርሃኑ ከጎን ይሆናል። ሽሮው ላይ የተንሳፈፈው ዘይት ያኔ ይታያል። ብዙ ምግብ ቤቶች ፎቶ ሲያነሱ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

ከፊት፦ ለቀለም ታማኝ፣ ለቅርጽ ሰነፍ

ከፊት የሚመጣ ብርሃን ስሙ ጠፍቷል። ስሙን ያጠፋው ፍላሽ ነው። የስልክ ፍላሽ ከሌንሱ ጎን ልጥፍ ብሎ ነው ያለው። ስለዚህ ጥላው ሁሉ ከዕቃው ጀርባ ይወድቃል፣ ሌንሱ አያየውም። ዓይናችን ደግሞ ጉብታውን ከጎድጓዳው የሚለየው በአብዛኛው በጥላ ነው። ጥላ ሲጠፋ ጀበናው ሳህን፣ መሶቡ ባልዲ ይሆናል።

ቀለም ላይ ግን ከፊት ብርሃን የሚስተካከል የለም። ይህን በገንዘብ ነው የተማርኩት። ባለ ጥለት ነጠላ ለሽያጭ አንሳልን ተባልኩ። እኔ ደግሞ ልራቀቅ ብዬ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጣና ዳር ወሰድኩት። ገመድ ላይ ሰቅዬ፣ ፀሐይዋን ከጀርባው አድርጌ አነሳሁት። ፎቶው ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ነጠላው ወርቅ መሰለ፣ ጥለቱ የእሳት ፍም። ገዢዋ አዲስ አበባ ነበረች። ዕቃው ሲደርሳት ደወለች፦ «ያየሁት ብርቱካናማ፣ የመጣልኝ ቡናማ።» ገንዘቧን መለስን፣ የማመላለሻውን እኔ ከኪሴ ከፈልኩ። የማታ ፀሐይ ራሷ ቀይ ናት። በዚያ ላይ ብርሃኑ ክሩን ሰንጥቆ ነው ያለፈው። ገዢዋ ያየችው የጥለቱን ቀለም ሳይሆን የፀሐይዋን ነው።

ስለዚህ ልብስ፣ ጥለት፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የክር ናሙና ከሆነ ከፊት አብሩበት። ፍላሽ አያስፈልግም። የተከፈተ በር ይበቃል። ዕቃውን ቤት ውስጥ ፊቱን ወደ በሩ አዙሩት፣ እናንተ ጀርባችሁን ለበሩ ስጡ። ራሳችሁ ጥላ እንዳትጥሉበት ግን ትንሽ ፈቀቅ በሉ።

ቀለም ካነሳን አይቀር፣ ገበያ ውስጥ ሰማያዊ ሸራ ሥር አታንሱ። ብርሃኑ በሸራው ሲያልፍ ሰማያዊ ይሆናል፣ ነጩ ነጠላ ሰማያዊ መስሎ ቁጭ ይላል። አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ አጠገብም እንደዚያው። ከመስኮት በተጨማሪ ቢጫ አምፖል ከበራ ደግሞ ዕቃው በአንድ ጎን ሰማያዊ፣ በሌላው ቢጫ ይሆናል። አምፖሉን አጥፉት፣ በቃ።

ከጎን፦ እኔ የማደላለት

አድልዎዬን ልናገር። አንድ አቅጣጫ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ከጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነበለውን እመርጣለሁ። እንግዳው ከመሶቡ ቀኝ ወይም ግራ ካለው ቦታ ወደ ማዶ አንድ መቀመጫ አልፎ ተቀመጠ ማለት ነው።

ምክንያቱ ጥላ ነው። ስፌት ብዙ ትንንሽ ኮረብታ ነው። ብርሃን ከጎን ሲመጣ የእያንዳንዱ ኮረብታ አንድ ጎን ይበራል፣ ሌላው ይጨልማል። ዓይን ያንን አይቶ «ይሄ ሻካራ ነው፣ በእጅ የተሠራ ነው» ይላል። ብርሃኑ ይበልጥ ዝቅ ብሎ ዕቃውን እየላሰ ካለፈ ጥላው ይረዝማል። ሰፌድ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ወጣ ያለች የአክርማ ጫፍ አለች እንበል። ብርሃኑ በ45 ዲግሪ ሲመጣ ጥላዋ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 10 ዲግሪ ዝቅ ሲል ከ5 ሚሊ ሜትር ተኩል ያልፋል። በዓይን የማትታይ ጫፍ ፎቶ ላይ ዱላ ትሆናለች። እንዲህ ያለው ላሽ ብርሃን የሰፊውን ጥበብም ግድፈትም እኩል ያወጣል። አክስቴ ይህን ብርሃን የምትወደው ሥራዋ ባማረበት ቀን ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ያገለገለ ስልክ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን «ስክሪኑን አጥፍተህ ከጎን በሚመጣ ብርሃን አንሳልኝ» በሉት። ከፊት ሲያነሱት የተጫረ ስክሪን የለም፣ ሁሉም አዲስ ነው። መለዋወጫ ላይ የተመታ ቁጥር ማንበብ ሲያቅታችሁም የእጅ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ቁጥሩ ራሱ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ጉድ አለ። ብርሃኑ ከታች በኩል ከመጣ የተቦረቦረው ቁጥር ጎብጦ የወጣ ይመስላል። አእምሯችን ብርሃን ከላይ ነው የሚመጣው ብሎ ስለሚነሳ ነው። ፎቶውን ገልብጡት፣ ይስተካከላል።

አሁን ጀበናን እንውሰድ። ጥቁር ነው፣ ክብ ነው፣ ሲሟሽና ሲያገለግል ደግሞ ያብለጨልጫል። ከፊት ካበራችሁበት ሆዱ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ፣ ሌላው ጨለማ። ጥቁር ዕቃ አብዛኛውን ብርሃን ይውጠዋል። ቅርጹን የሚነግረን ላዩ ላይ የሚንጸባረቀው ነው። ከመስኮቱ ጎን አስቀምጡትና ስልካችሁን ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ዙሩት። የሆነ ቦታ ላይ መስኮቱ ራሱ ጀበናው ላይ እንደ ነጭ ሰበዝ ይወጣል። ከአንገቱ ይጀምራል፣ ሆዱ ላይ ይሰፋል፣ ማቶቱ ጋ ሲደርስ ይጠባል። ያቺ መስመር ናት ጀበናውን ክብ የምታደርገው። ጠርዟ ከሻከረባችሁ መስኮቱ ላይ ነጠላ ጋርዱ። ነጠላ ለፎቶ ከተሠሩት ማለስለሻዎች አያንስም፣ ቢያንስ እኔ ልዩነቱን አላየሁም።

የጎን ብርሃን ችግሩ ወዲያኛው ጎን ጥቁር መሆኑ ነው። ጀበናው ግማሽ ጨረቃ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመስኮቱ በተቃራኒ ነጭ ነገር አቁሙ፦ ካርቶን፣ የታጠፈ ነጠላ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ። ሲቀርብ ጥላውን ያቀልለዋል፣ ሲርቅ ይተወዋል። ጨርሶ አታጥፉት ግን። ጥላ ከጠፋ ተመልሳችሁ ከፊት ብርሃን ቤት ገባችሁ።

ትንሽ አምፖል ከሆነ የያዛችሁት ርቀቱንም አስቡበት። አምፖሉን ከመሶቡ ቅርብ ጫፍ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ብታስቀምጡትና የመሶቡ ሩቅ ጫፍ 1 ሜትር ላይ ቢውል፣ ሩቁ ጫፍ የሚደርሰው ብርሃን የቅርቡ ሩብ ነው። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። አራቁት፣ ልዩነቱ ይጠብባል። ብርሃኑ ስለሚደክም ግን ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፉ።

ከኋላ፦ ለሚያሳልፍ ነገር

ከኋላ የሚመጣ ብርሃን በነጠላው ጉድ ቢሠራኝም ቂም አልያዝኩበትም። ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ሁሉ የእሱ ነው። ጠጅ በብርሌ አንሱ። ከፊት ካበራችሁ ጠጁ ድፍርስ ይመስላል፣ ብርሌው ሆድ ላይ ደግሞ የራሳችሁን ፊት ታያላችሁ። ከብርሌው ጀርባ ነጭ ወረቀት ቆም አድርጉ፣ ከወረቀቱ ጀርባ መስኮት ይሁን። ጠጁ ከውስጡ ይበራል። የብርጭቆው ጠርዝ ብርሃኑን ስለሚያጥፈው ጥቁር መስመር ይሆናል፣ የብርሌው አንገት በእርሳስ የተሳለ ይመስላል። ማር በጠርሙስም እንዲሁ ነው። ነጠላም ቢሆን የፈትሉን ቅጥነት ለማሳየት ከሆነ ከኋላ አብሩበት፤ ብቻ ገዢ ቀለሙን ከዚያ ፎቶ እንዳይመርጥ።

የቡና እንፋሎትና የዕጣን ጭስም ከኋላ ካልበራባቸው አይታዩም። እነዚያ ጥቃቅን ጠብታዎች ብርሃኑን በአብዛኛው የሚበትኑት ወደሚሄድበት ወደ ፊት ነው። ከጀርባቸው ጥቁር ነገር መኖር አለበት። በነጭ ግድግዳ ላይ እንፋሎት ፈልጋችሁ አታገኙም። እንዳይቀዘቅዝባችሁ ሁሉን ካስተካከላችሁ በኋላ ነው ቡናው የሚቀዳው።

ሐይቁ ዳር የተጠበሰ አሳ ለምታቀርቡም ምክሬ ይኸው ነው። ሳህኑን ብርሃኑ ከወዲያ ማዶ በሰያፍ እንዲመጣበት አድርጉ። የተተለተለው ሥጋ ጠርዝ ጠርዙ ይበራል፣ ዘይቱ ያብለጨልጫል፣ ኩርሽም ማለቱ ፎቶው ላይ ይሰማል። ከፊት የበራበት አሳ የትናንት ነው የሚመስለው።

ስልኩ ግን ከኋላ ሲበራ ይታለላል። ብርሃኑ በዝቷል ብሎ ዕቃውን ያጨልመዋል። ስክሪኑ ላይ ዕቃውን ነኩ አድርጋችሁ ያዙ፣ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ላይ ግፉ። ጥቁር ቅርጹን ብቻ ከፈለጋችሁ ደግሞ ተዉት። ማታ ወደ ምዕራብ ዞራችሁ ውሃው ላይ ያለች የደንገል ታንኳ ስታነሱ ጥቁር ቅርጿ ብቻ ነው የሚቀረው፣ እሱም ያምራል። ደንገሉ እንዴት እንደታሰረ ማሳየት ከፈለጋችሁ ግን ወደ ጎን ብርሃን ተመለሱ። ለዚህ ባሕር ዳር ታድላለች። ጣና ከከተማዋ በስተሰሜን ነው፤ ሐይቁን ፊት ለፊት ስታዩ የጠዋት ፀሐይ በቀኛችሁ፣ የማታዋ በግራችሁ ትሆናለች። ሁለቱም ከጎን።

ከላይ፦ የቀትር ነገር

በጠራራ ፀሐይ የሚያነሳ ሰው ሳይ ያሳዝነኛል። መሶቡ ክዳኑ ይነጣል፣ ከክዳኑ ሥር ያለው ይጨልማል፣ እግሩ ይጠፋል። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 17 አካባቢ፣ ቀትር ላይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ያኔ የቆመ ዱላ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። ቀትሩ ደግሞ እዚህ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ውጭ የምታነሱ ከሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ውጡ።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ከውጭ አገር የሚመጡ ትምህርቶች «የሰሜን መስኮት ተጠቀሙ፣ ፀሐይ አትገባበትም» ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው። ቀትር ላይ ፀሐያቸው ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። እኛ ጋ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ግንቦትና ሰኔ ላይ ጠዋትና ከሰዓት በሰሜኑ መስኮት በሰያፍ ትገባለች። እኔ ከጥቅምት እስከ የካቲት የሰሜኑን መስኮት እጠቀማለሁ፣ በግንቦት ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ደቡቡ እሄዳለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ «መስኮቱ ምን ነካው?» እያልኩ ስጨቃጨቅ ነበር።

ክረምት ሲገባ ደመናው ትልቅ ነጠላ ነው፣ ሁሉን ያለሰልሳል። ግን አሁንም ከላይ ነው የሚመጣው፤ ከዕቃው ሥር ነጭ ወረቀት ካላነጠፋችሁ ሆዱ ይጨልማል። የዛፍ ጥላ ሥር ደግሞ ተጠንቀቁ። ሐይቁ ዳር ያሉት ዋርካዎች ለመቀመጥ ይመቻሉ እንጂ ለፎቶ አይሆኑም። በቅጠሉ መሀል የሚሾልከው ብርሃን ዕቃውን ነብር ያደርገዋል።

ከሥር የሚመጣውን ብርሃን ልጅ ሆነን ባትሪ አገጫችን ሥር አድርገን ስናስፈራራ ነው የምናውቀው። ለዕቃ አልመክረውም።

መስቀል ሌላ ጣጣ ነው

የብር መስቀል ላይ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ይፈርሳል። ብር መስታወት ነው። ብርሃን በገባበት ማዕዘን ልክ ይወጣል። ስለዚህ ጥያቄው «ከየት ይብራ?» መሆኑ ቀርቶ «ምን ይታይበት?» ይሆናል። ጥቁር ሸሚዝ ለብሳችሁ ካነሳችሁት መስቀሉ ጥቁር ነው። ፊት ለፊቱና በጎኑ ነጭ ካርቶን አቁሙ፣ በአንዱ ካርቶን ቀዳዳ አበጅታችሁ በዚያ አንሱ። ከዚያ አንዱን ካርቶን ትንሽ ፈቀቅ ስታደርጉት የተቀረጸው ሐረግ መስመር መስመሩ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ሁሉም ነጭ ከሆነ ቆርቆሮ ይመስላል፣ ትንሽ ጥቁር ያስፈልገዋል። ከሁሉ ዕቃ ጊዜ የሚበላብኝ ይሄ ነው።

ብራናና ጠፍጣፋ ስዕል ከሆነ ብርሃኑ ከሁለቱም ጎን በ45 ዲግሪ እኩል ይምጣ፤ እንዳያንጸባርቅ። በዘጌ ገዳማት፣ እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት፣ የግድግዳ ስዕል ለማንሳት ከተፈቀደላችሁ ፍላሹን አጥፉና በበሩ በሚገባው ብርሃን ተጠቀሙ።

ለሽያጭ ከሆነ

አንድ ፎቶ አይበቃም፣ ሦስት አንሱ። የመጀመሪያው ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ፤ ሰው ሲያልፍ እንዲቆም። ሁለተኛው ከፊት፣ በበር ብርሃን፤ ቀለሙን እንዲያምን። ሦስተኛው በጣም ዝቅ ባለ የጎን ብርሃን፣ ተጠግታችሁ፤ ሥራው እንዲታይ። ነጠላና ብርሌ ከሆነ ከኋላ የበራውን ጨምሩ።

ሦስተኛዋን አክስቴ መጀመሪያ አልወደደቻትም። ሰፌዱ ጫፍ ላይ አንዲት አክርማ ሾልካ ወጥታ ጥላዋን ጥላለች። «ይቺን አጥፋት» አለችኝ። «ስልክ ላይ ይጠፋል፣ ግን ገዢው ቤት ሲደርስ ትኖራለች» አልኳት። ዝም ብላ ሰፌዱን ከመስኮቱ አነሳች። መቀስ ፈልጋ ጫፏን ቆረጠች፣ በወስፌዋ ወደ ውስጥ ሸጎጠቻት፣ መልሳ እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

«በል አሁን አንሳ፣ ፀሐይዋ ሳትዞር።»